ከደሙ በስተኋላ

በዚያ ዓመት ነሐሴ ሲያልቅ በረዶ ወረደ። በአማኑኤል ዙሪያ ስንዴ የሚባል አልተረፈም። መስቀል ያለ እርድ አለፈ። ኅዳር ላይ የነቢያት ጾም እንደተያዘ፣ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ቤታቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ።

መርማሪው ኢንስፔክተር አምደሚካኤል ከደብረ ማርቆስ ሲደርስ በሩን ሚሊሻ ይጠብቅ ነበር። መሪጌታ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበዋል። ጋቢውን ገለጠው። አናታቸው ተፈንክቷል፤ ማተባቸው ተበጥሶ ከአንገታቸው ሥር ወድቋል።

«ማን አገኛቸው?»

«እኔ ነኝ» አለ ተማሪያቸው ዲያቆን አወቀ። «ከደጃፍ አይቼ ጮህኩ። መግባቱን ፈራሁ።»

«እውነቱን ነው» አለ ሚሊሻው። «ከእርስዎ በፊት የገባ የለም።»

የመሪጌታ የወንድም ልጅ፣ ባለሱቁ አንተነህ፣ ስልኩን ይዞ ሰዉን እየገፋ መጣ።

«ምን ይመረምራሉ? ገዳዩ ይኸው!»

«የደብሩ ልጅ» የሚባል ሰው መርማሪው ከመድረሱ በፊት ፌስቡክ ላይ የለጠፈው ፎቶ ነው። የመሪጌታን መሬት በእኩል የሚያርሰው እንዳላማው፣ ቢላ ጨብጦ፣ እጁ እስከ ክርኑ ደም ሆኖ ቆሟል። ከሥሩ «ዛሬ ጠዋት የተነሳ። ማተባቸውን በጥሶ ገደላቸው» ይላል።

«በጾም ማን ያርዳል? የሰው ደም ነው!» አለ አንዱ። ሌላው ድርቆሽ ተሸከመ። ክብሪት የጠየቀም ነበር።

አምደሚካኤል ፎቶውን ትክ ብሎ አየና ቀድሟቸው ወጣ። የእንዳላማውን ቤት ያውቀዋል። የቆሎ ተማሪ ሳለ ጽዋ ሰረቀ ተብሎ ሰዉ በዱላ ሲያባርረው፣ የእንዳላማው እናት ወይዘሮ የብርጓል ጎታ ውስጥ ደብቀው ደጃፍ ላይ ቆመውለት ነበር። ጽዋው ኋላ ከዕቃ ቤት ተገኘ።

እንዳላማው በሩን ከፈተለት።

«መጨረሻ ያረድከው መቼ ነው?»

«አምና ለመስቀል። ቅርጫ ነበር። መሪጌታ፣ አወቀ፣ አንተነህና እኔ።»

«ፎቶ ያነሳችሁስ?»

«አንተነህ ነዋ። የአወቀ ስልክ እንደሁ ባትሪ እንጂ ዓይን የለውም።»

ሕዝቡ ደረሰ። አምደሚካኤል ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ፎቶውን አውጡ። ከደሙ በስተኋላ ምን ይታያችኋል?»

ታየች የምትባል ጎረቤት አንገቷን አስግጋ አየች። «ስንዴ... ለምለም ስንዴ።»

«ዘንድሮ ስንዴ የቆመለት ማን ነው?»

ድርቆሽ የተሸከመው ሰው ሸክሙን አወረደ።

«ፎቶው የአምና ነው፤ ደሙም የቅርጫ በሬ። ያነሳው አንተነህ ነው። የለጠፈው ሰው ደግሞ ማተቡ መበጠሱን ያውቃል። ጋቢውን እኔ እስክገልጠው ድረስ ይህን የሚያውቅ ገዳዩ ብቻ ነበር።»

«ፎቶውን ለስንቱ ልኬዋለሁ!» አለ አንተነህ።

«እንግዲያው ስልክህን አምጣ።»

አንተነህ ወደኋላ አለ። አወቀ ክንዱን ያዘው። ፌስቡኩ ሲከፈት ባለቤቱን «የደብሩ ልጅ» ብሎ ይጠራዋል። ሳይቆረጥ የቀረው ፎቶም እዚያው ነበር፤ ከእንዳላማው ጎን መሪጌታ የበሬውን እግር ይዘው ይስቃሉ።

«መሬቱን ለአራሹ፣ ለባዳ ሊያወርሱት ነበር» አለ አንተነህ፣ ማንንም ሳያይ።

ሰዉን ተከትሎ የመጣው ሚሊሻ ወሰደው። ድርቆሹ መሬት ላይ ቀረ። ወይዘሮ የብርጓል ከጓዳ ወጥተው መርማሪውን አተኩረው አዩት።

«ያ የጽዋው ልጅ ነህ?»

«አዎ እማማ። ዕዳ ነበረብኝ።»

«ተከፈለ። በል አሁን ግባ።»

የታየች ስልክ ጮኸ። ፎቶው ደምበጫ ደርሶ፣ ሰው ተሰብስቦ እየመጣ ነው።

አምደሚካኤል አልገባም። በርጩማ አስወጣና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።