ከጣዖት ቤት የመጣ ሥጋ

ፓምፊሎስ ማዕዱ ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ከፊቱ የተጋጠ የበግ አጥንትና ባዶ ጽዋ ነበር። ከጣዖት ቤት የተገዛ ሥጋ እንደሚወድ አገር ያውቃል፤ ጎረቤቱ ሁሉ «ሥጋው ገደለው!» አለ። ወታደሮችም ወጥ የሚሠራለትን ባሪያውን ሲሮስን አሰሩት። ጌታውን የገደለ ባሪያ እዚህ ቆሮንቶስ ውስጥ ይሰቀላል።

የገበያው ሹም የላከው መርማሪ ኒቃንድሮስ ግን አልቸኮለም። የሬሳውን ጣቶች አሸተተ፤ ከንፈሩንም ገለጥ አድርጎ ጥርሱን አየ።

«ምን ሠራህለት?»

«ባቄላ ነው ጌታዬ! ከሰንበት ወዲህ ባቄላ ብቻ። አጥንቱን አላውቀውም!»

ኒቃንድሮስ ከፓምፊሎስ ጋር በዚያ ቤት ለጸሎት ከሚሰበሰቡት ክርስቲያኖች ሁለቱን አስጠራ፤ መልእክት የሚያነብላቸውን ዴክሲጶስንና ሜሊታን። የሜሊታ ወንድም ዞሲሞስ ጣዖት ማምለክ ከተወ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ፓምፊሎስ «ጣዖት እንጨት ነው! ብላ እንጂ፣ ፈሪ!» እያለ ሲያፌዝበት ያንን ሥጋ በላ፤ ከዚያ ህሊናው አላስቀምጥ ብሎት ባሕር ገብቶ ሞተ። ወይ ጉድ! ለአንድ ጉርሻ!

«ትናንት እዚህ ነበርሽ?» አላት ኒቃንድሮስ።

«ለእርቅ ወይን ይዤ መጥቼ ነበር።»

«ሰንበትስ ጉባኤው ላይ?»

«ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ቀርቻለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት።»

ኒቃንድሮስ ሁሉንም ሬሳው ፊት አቆማቸው።

«እጁ ጮማ አይሸትም፤ ጥርሱም ንጹሕ ነው። አጥንቱን የጋጠው ሌላ ሰው ነው። ዴክሲጶስ፣ ሰንበት ምን አነበብክ?»

«ከሐዋርያው መልእክት ስለ ጣዖት ሥጋ የሚናገረውን ምዕራፍ። ጣዖት ከንቱ መሆኑን ብታውቁም፣ እውቀታችሁ ደካማውን ወንድም ካጠፋ ምን ይረባል ነው ነገሩ። ፓምፊሎስ አለቀሰ፤ ሥጋ ዳግመኛ ላይቀምስም ማለ። ሲሮስም አጠገቡ ቆሞ ሰምቷል።»

«እንግዲያው ሲሮስ ቢገድለው አጥንት አያስቀምጥም ነበር። ያስቀመጠው መሐላውን ያልሰማ ሰው ነው፤ መርዙም ለእርቅ በመጣው ወይን ውስጥ ነው። ሜሊታ፣ አጥንቱ ለምን አስፈለገሽ?»

«ሥጋው ገደለው እንዲባል ነዋ!» ጮኸች። «ወንድሜን በጨረሰበት ሥጋ ስሙ እንዲጠፋ! አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል፣ ስሙኝ ሁላችሁም!»

«የማለው እኮ ለዞሲሞስ ብሎ ነው» አላት ዴክሲጶስ።

ሜሊታ ሬሳውን አየችው።

«ሊነግረኝ ነበር» አለች። «‹ሜሊታ፣ ስለ ዞሲሞስ...› ብሎ ጀምሮ ነበር። ስሙን እንዳትጠራ፣ ዝም ብለህ ጠጣ አልኩት።»

ወታደሩ ሲሮስን ፈትቶ ገመዱን ይዞ ወደ እሷ መጣ። እጇን ራሷ ዘረጋችለት።

«አሁን ታዲያ ማንን ልጥላ?»