የገጽ አሥራ ዘጠኝ ፊርማ

አርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ጋሽ ውቤ ከሦስተኛ ፎቅ ወደቁ። ኢንስፔክተር ሸዋርካብሽ ከራጉኤል በታች ወዳለው የንግድ ሕንጻ ስትደርስ አስከሬናቸው በሸራ ተሸፍኖ፣ ተሸካሚዎች ጭነታቸውን በዙሪያው እያዞሩ ያሳልፉ ነበር። ከአስከሬኑ አጠገብ አንድ የብረት ቱቦ ወድቋል።

«አደጋ ነው» አላት ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «የጋራ መጋዘኑ ጠባቂ ናቸው። ፎቁ ላይ ብቻቸውን ነበሩ፤ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ሰብረን ነው የገባነው።»

ሸዋርካብሽ ወደ ላይ ወጣች። መጋዘኑ ዕቃ በገመድ የሚሳብበት፣ ወደ መንገዱ የተከፈተ ሌላ ሰፊ በር አለው። ሰው እንዳይወድቅ በወገብ ልክ አንድ ብረት ይጋደምበታል፤ ብረቱን ግራና ቀኝ ሁለት ብሎኖች በማጥበቂያ ዳዶ ይይዙታል። ብሎኖቹ ግድግዳው ላይ አሉ፤ ዳዶዎቹ የሉም። ብሎኖቹን በጣቷ ነካቻቸው። ጥርሳቸው ደህና ነው፤ ጣቷ ግን ዘይት ይዞ ተመለሰ።

«ዝገት በልቶት ነው» አለ የተሸካሚዎቹ አለቃ ማሙሸት ከኋላዋ። «ስንቴ ለፍልፌያለሁ።»

«ትናንት ስትዘጉስ?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ቦንዳ ስንስብ ገመዱን ያሰርነው እሱ ላይ ነው።»

«ቦንዳ የያዘ ዝገት ነዋ።»

ማሙሸት ራሱን አከከ።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተህ ነበር ይላሉ።»

«ያልተጣላቸው ማን አለ? ያለ ፊርማ አንዲት ካርቶን አያሳልፉም። ሲወድቁ ደግሞ እኔ ታች መኪና እየጫንኩ ነበር፤ ሰው ሁሉ አይቶኛል።»

«ብረቱን ምን አስደገፋቸው?»

ማሙሸት ከመንገዱ ማዶ ያለውን የትምህርት ቤት ቆርቆሮና ከላዩ የተሰቀለውን ድምፅ ማጉያ አሳያት። «ፀደንያ ነቻ። የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ጠዋት ጠዋት በሚኒ ሚዲያ ዜና ታነባለች። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን በክርናቸው ተደግፈው እሷን መስማት ነው። ‹ዝም በሉ፣ ልጄ እያነበበች ነው› ይሉናል። ሕንጻው በሙሉ ያውቃል።»

የሕንጻው ኃላፊ አቶ ይድነቃቸው ምድር ቤት ባለው ቢሮው አንገቱን በመሐረብ እየጠረገ ጠበቃት። መጋዘኑን ብዙ ነጋዴዎች ስለሚጋሩት ነጋዴ ቁልፍ አይይዝም። አንዱ ቁልፍ ጋሽ ውቤ ኪስ ውስጥ ተገኝቷል፤ ሌላው እሱ ዘንድ ነው።

«የእርስዎ ቁልፍ ትናንት የት ዋለ?»

«እዚሁ መሳቢያዬ ውስጥ። ወር ሙሉ አልወጣም።»

የዱቄት ወተት አከፋፋይዋ ወይዘሮ ሠርኬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ታለቅስ ነበር። «እሳቸው ሲወድቁ እኔ ራጉኤል ደጅ ነበርኩ። ያቺ ልጅስ ምን ይውጣታል? ፎቶዎቿን በከለር ያሳተምኩላት እንኳ እኔ ነኝ።»

«የምን ፎቶ?»

«ጋዜጠኛ ልትሆን አይደል። ሥራዎቿን በክላሰር ሰብስባ ለነፃ ትምህርት ትወዳደራለች። ዛሬ የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ነው።»

ሸዋርካብሽ ፀደንያን ሚኒ ሚዲያ ክፍል አገኘቻት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሏ ተማሪ ክላሰሩን አቅፋ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጣለች። ዓይኗ ደርቋል።

«ማስገቢያው አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል» አለች። «የምትጠይቂኝን ቶሎ ጠይቂኝ።»

«ጋሽ ውቤ ምን ነግረውሽ ነበር?»

«ምንጬን አልናገርም።»

«ምንጭሽ ሞተዋል።»

ልጅቷ ክላሰሩን ለቀቀች። ሸዋርካብሽ ቆማ አነበበችው፤ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ቁጭ አለች።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም አቶ ይድነቃቸው ቢሮ ተሰበሰቡ። ፀደንያ በሩ አጠገብ ቆማ የግድግዳውን ሰዓት ታያለች።

«ብረቱ አልተሰበረም» ብላ ጀመረች ሸዋርካብሽ። «ቢሰበር ኖሮ የብሎኖቹ ጥርስ ይላጥ ነበር። ዘይት ነክቷቸው ዳዶዎቹ ተፈተዋል፤ ብረቱ ደህና መስሎ እንዲታይ በቦታው ተጋድሟል። ይህን ያደረገው ሰው ዛሬ ጠዋት እዚህ መገኘት አላስፈለገውም። በሩ ከውስጥ መቀርቀሩም፣ ሁላችሁም ሌላ ቦታ መሆናችሁም ምንም አይነግረንም። ጋሽ ውቤ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ እንደሚደገፉ ያውቃል፤ ያ በቃው።»

«ሁላችንም እናውቃለን» አለ ማሙሸት።

«አዎ። ግን ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብረቱ ቦንዳ ይዟል። ከዚያ ጋሽ ውቤ ቆልፈው ሄዱ። ስለዚህ ዳዶዎቹን የፈታው ሁለተኛው ቁልፍ በእጁ የነበረ ሰው ነው። አቶ ይድነቃቸው፣ ቁልፉ የት ነበር?»

«ነገርኩሽ እኮ።»

ሸዋርካብሽ ክላሰሩን ከፈተች። «ፀደንያ ያነጋገረችውን ሰው ሁሉ ታስፈርማለች። ገጽ አሥራ ዘጠኝ፣ ሐሙስ አሥር ሰዓት። ‹ጥያቄ፦ የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው? መልስ፦ አንዱ ውቤ ጋ፣ አንዱ እኔ ጋ። የእኔን ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ሠርኬ ወስዳዋለች፣ ነገ ትመልሳለች።› ይህ የማን ፊርማ ነው?»

ይድነቃቸው ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው። «የልጅ የቤት ሥራ መስሎኝ ነው የፈረምኩት» አለ። «ቁልፍ ማዋስ እንደማይፈቀድ አውቃለሁ። እሁድ እሁድም እሰጣት ነበር። ዛሬ አንድ ሰዓት ላይ መለሰችልኝ።»

«ዕቃዬን ለማየት ነው የወሰድኩት» አለች ሠርኬ። ማልቀሷን ትታለች።

«ገጽ አሥራ ስምንት፣ ሐሙስ ስምንት ሰዓት። ‹እትዬ ሠርኬ፣ በመጋዘኑ ውስጥ የወተት ጣሳ ላይ ያለው ቀን በጥጥና በአሴቶን ተፍቆ አዲስ ቀን እንደሚመታበት ያውቃሉ?› ይህን በተጠየቁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቁልፍ ፈለጉ። ሰኞ ሰኞ ያን ወለል የሚጠርጉት ጋሽ ውቤ ናቸው። ጥጡን ሊያገኙ የሚችሉት እሳቸው ብቻ መሆናቸው ገባዎት።»

ፀደንያ ከበሩ ራቀች። «ስማቸውን አልጠቀስኩም።»

«ለሠርኬ ስሙ አላስፈለጋትም» አለች ሸዋርካብሽ።

«ሁለቱንም ወገን ጠይቁ ተብለን ነው የተማርነው። እትዬ ሠርኬ ደግሞ ሠራተኞቿ የሚያደርጉትን የማታውቅ መስሎኝ... ብነግራት ታስቆማቸዋለች ብዬ ነው።»



«ወተቱስ የት አለ?» አለች ሸዋርካብሽ።

«ጠዋት ወጣ» አለ ማሙሸት ወለሉን እያየ። «ወደ ክፍለ ሀገር። ስጭነው የነበረው እሱን ነው።»

ሠርኬ ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች። «ፍርድ ቤት በተማሪ ወረቀት ይፈርዳል?» አለች በእርጋታ። «ነገ ይድነቃቸው ፊርማዬ አይደለም ቢልስ?»

ይድነቃቸው ቀና አላለም። እንዲያ ሊል እንደሚችል ሸዋርካብሽ ገባት። ፊርማው ይመረመራል፤ ለዚያ ደግሞ ራሱ ወረቀቱ ያስፈልጋል።

ፖሊሶቹ ሠርኬን ይዘው ሲወጡ አሥር ተኩል ሆኗል።

«ኮፒውን ብታስገቢስ?» አለች ሸዋርካብሽ።

«ማስታወሻው ኦሪጅናል ካልሆነ አይቀበሉም። አንቺም ኮፒ አትቀበዪም።»

«ደብዳቤ ልጻፍልሽ።»

«ለማን? ቅዳሜና እሁድ ዝግ ናቸው፤ ሰኞ ያለፉትን ስም ያወጣሉ።»

ሸዋርካብሽ የኤግዚቢት ቅጹን አውጥታ ገጾቹን መቁጠር ጀመረች። ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ እጇ ቆመ። «የአድማጭ አስተያየት» ይላል፤ ከሥሩ በፀደንያ ጽሑፍ «አቶ ውቤ» ተብሎ፣ የፊርማው መስመር ባዶ ነው።

«ዛሬ ከዜናው በኋላ ሊፈርሙልኝ ነበር» አለች ልጅቷ።

«ይሄ ለምርመራው አያስፈልግም። ውሰጂው።»

«ቁጥር አለው። ቢጎድል ክላሰሩ ተነካክቷል ይሉሻል።»

እውነቷን ነው። ሸዋርካብሽ «ሠላሳ አንድ ገጽ» ብላ ጻፈችና ቅጹን ዞር አድርጋ ሰጠቻት። ፀደንያ አስረካቢ በሚለው ላይ ፈረመች።