የበኃይሉ ቴኒስ ቤት

«ከሰል ነው የገደለው፤ የሚመረመር ነገር የለውም» ነበር ያላት ሳጅን ምንይሉ በስልክ። ኢንስፔክተር ጥሩሸዋን የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይላትም። ይቺ የራቤል ተወላጅ «ተይው» ሲሏት ጭራሽ ይብስባታል። ጃኬቷን ደርባ በዚያ የመንዝ ብርድ ከተፍ አለች።

ሬሳው ገና አልተነሳም። በኃይሉ ከቴኒስ ጠረጴዛው ኋላ ካለችው መደብ ላይ የበግ ጠጉር ባናውን እስከ አገጩ ለብሶ ተኝቷል። ፊቱ ቀላ ብሏል፤ የሞተ ሳይሆን ከፀሐይ የገባ ሰው ይመስላል። ግድግዳው ሥር አመዱ የቀዘቀዘ የከሰል ምድጃ ተቀምጧል። ከምድጃው በላይ አራት ራኬቶች በየሚስማራቸው ተሰቅለዋል።

ይህ በኃይሉ ጉልምስናውን አዲስ አበባ የጨረሰ ሰው ነበር። እዚያ በየሰፈሩ ጠረጴዛ ቴኒስ ሲጫወት ኖሮ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ መሐል ሜዳ ተመለሰና ከአባቱ በወረሰው ቦታ ላይ ይቺን ቤት ሠራ። አገሬው መጀመሪያ ሳቀበት። «በዚህ ነፋስ እንኳን ይቺ የእንቁላል ቅርፊት የመሰለች ኳስ ቆርቆሮም አልረጋ» አሉት። እሱ ግን ዘዴ አበጀ። ጨዋታ ሲኖር ነፋሱ በሚመጣበት በምሥራቁ መስኮት ስንጥቅ ሁሉ የባና ቁራጭ ይጠቀጠቃል። የምዕራቡ መስኮት ግን መቼም አይደፈንም፤ እጅ ማሞቂያ ከሰል ስለሚነድ ቤቱ የሚተነፍሰው በዚያ በኩል ነው።

«ማን አገኘው?» አለች ጥሩሸዋ።

«አብነት። የልብ ጓደኛው ነው፤ ቤቱንም አብረው ነው የሠሩት። ጠዋት ብቻውን መጥቶ በሩን ሲከፍት እንዲህ ሆኖ አገኘውና ጮኾ ሰው ጠራ።»

«ከሰሉንስ ማን አያያዘው?»

«ጽናት የምትባል ልጅ፣ ተጫዋች ናት። ማታ መጨረሻ የወጣችውም እሷ ናት። ከሰሉን ሳታወጣ ሄዳለች፤ ይዘናታል» አለ ሳጅኑ፣ ሥራው እንዳለቀለት ሰው።

ጥሩሸዋ ወጥታ ቤቱን ዞረች። ምዕራቡ መስኮት ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ምንይሉ፣ ና እስቲ። ይሄ የተጠቀጠቀው ምንድን ነው?»

«የጓሳ ሣር ነው፤ ለክዳን የሚሆነው።»

«እሱንማ ማን አጣው። ታጥፎ የተጠቀጠቀው በየት በኩል ነው?»

ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ አየ። «በውጭ።»

«ታዲያ ሰውዬው መስኮቱን በውጭ በኩል ጠቅጥቆ፣ ተመልሶ ገብቶ፣ ባናውን ለብሶ ነው የሞተው?»

ምንይሉ አንገቱን አከከ።

ሣሩ የመጣው ከሩቅ አይደለም። ከአጥሩ ማዶ፣ የሟቹ ታላቅ ወንድም ቀሲስ መርስዔ ኃዘን ግቢ ውስጥ ተከምሯል። ቀሲስ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጥሩሸዋ መስቀል ተሳልማ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባ፣ ከወንድምዎ ጋር አትነጋገሩም ነበር ይባላል።»

«እውነት ነው። በአባታችን ቦታ፣ በሰንበት ምድር ያንን ኳስ ሲያንጓጓ ተቆጣሁት፤ ኮረፈኝ። እኔም ኮረፍኩት። ዛሬ ማንን ላኩርፍ?»

«ያ ሣር የእርስዎ ነው?»

«ለቤተ ክርስቲያኑ ቤተ ልሔም ክዳን ያመጣሁት ነው። ምነው ልጄ?»

«እዚያ ቤት የተሰቀሉትን ራኬቶች ያውቋቸዋል? የትኛው የማን እንደሆነ?»

«እኔ ከማማሰያ አለያቸውም» አሉ ቀሲስ።

ጽናት ፖሊስ ጣቢያ ጥግ ላይ ጋቢ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ ዓይኗ ብቻ ደርቋል።

«ከሰሉን አውጥቼዋለሁ» አለች ገና ሳትጠየቅ። «በሩ አጠገብ ደጅ አስቀምጬው ነው የሄድኩት። ጋሽ በኃይሉ ከማኅበር ሞቅ ብሎት መጥቶ ጋደም ብሎ ነበር።»

«ያየ ሰው አለ?»

«የለም።» ጋቢውን ጠበቅ አደረገችው። «ቅዳሜ አዲስ አበባ ክለብ ይፈትኑኛል። ጋሽ በኃይሉን አንድ ሰው ብቻ አምጣ ብለውት እኔን መረጠኝ፤ ራሱ ሊወስደኝ ነበር። ቅዳሜ ካለፈ ሌላ ዕድል የለኝም። እዚሁ ነው የምቀረው።»

«ስትመረጪ አብነት ምን አለ?»

«አቀፈኝ። ራኬት አያያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ከወንድም በላይ ነው። አሁንም መጥቶ ይመሰክርልኛል።»

አብነት መስክሮ ጨርሷል። «ከሰሉን ያያያዘችው ጽናት ናት። ልጅ ናት፣ ረስታው ሄዳ ይሆናል» ብሎ ለሳጅኑ የነገረው እሱ ነው። ጥሩሸዋ ይህን ለልጅቷ ሳትነግራት ተነሥታ ወጣች።

ወደ ቴኒስ ቤቱ ተመልሳ ደጁን ስትፈትሽ፣ በሩ አጠገብ የበቀለውን ሣር ክብ ሠርቶ ተለብልቦ አገኘችው። የምድጃ ቂጥ ልክ ነው። ልጅቷ አልዋሸችም።

አብነት ጋቢውን አጣፍቶ ከአጥሩ ሥር ቆሟል። ጠጉሩ ገባ ማለት የጀመረ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

«አዲስ አበባ ሄደህ ታውቃለህ?» አለችው።

«ሄጄ አላውቅም። ግን በቃሌ አውቀዋለሁ።» ፈገግ አለ። «ሳሪስ ከአንድ ጋራዥ ጓሮ ይጫወታሉ፤ ማንም ገብቶ ተራ ይይዛል። ጉለሌ ወፍጮ ቤት አጠገብ የሲሚንቶ ጠረጴዛ አለ፣ መረቡ ጡብ ነው። መርካቶ ፎቅ ላይ ነው፤ እዚያ የተሸነፈ ሻይ ይጋብዛል። ኮተቤ ወጣቶቹ ጋ ጠረጴዛው ጥሩ ነው፣ መብራቱ ግን ዓይን ያጠፋል። በኃይሉ ነው የነገረኝ። ‹አንድ ቀን አብረን እናዳርሳቸዋለን› ይለኝ ነበር።»

«ዕድሉ ግን ለጽናት ደረሰ።»

«ይድረሳት። ወጣት ናት።»

«ማታ መቼ ሄድክ?»

«ሳይመሽ። ከዚያ ጠዋት ነው የመጣሁት።»

«ራኬትህን ይዘህ ነው የሄድከው?»

«ራኬት ከዚህ ቤት አይወጣም፤ የበኃይሉ ሕግ ነው። የኔ እሱ ራሱ ከአዲስ አበባ ያመጣልኝ ነው። ከጨዋታ በቀር ከሚስማሩ ወርዶ አያውቅም።»

«ጎሽ» አለች ጥሩሸዋ። ገብታ ራኬቶቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰቻቸው። ከዚያ ሳጅኑን ጠርታ ሁሉንም ሰው እንዲሰበስብላት አዘዘችው።

ሬሳው ሲነሳ ሦስቱም በቴኒስ ጠረጴዛው ዙሪያ ቆሙ። ቀሲስ መርስዔ ኃዘን በአንድ ወገን፣ አብነት በሌላው፣ ጽናት ከሳጅኑ አጠገብ።

«ይህ ሰው ተገድሏል» ብላ ጀመረች ጥሩሸዋ። «ጽናት ምድጃውን አውጥታለች፤ ደጁ ላይ የተለበለበው ሣር ይመሰክርላታል። በኃይሉ በርዶት ራሱ አስገባው እንዳንል፣ መስኮቱ በውጭ ተደፍኗል። እሱ ሲተኛ ጠብቆ፣ በላዩ ጥሬ ከሰል ጨምሮ ምድጃውን ያስገባ ሌላ ሰው ነው። በሩ መቀርቀሪያ እንደሌለው ሁላችሁም ታውቃላችሁ።»

«ሣሩ የኔ ነው» አሉ ቀሲስ ቀስ ብለው።

«ሣሩ የእርስዎ ነው፤ እጁ ግን የሌላ። አጥር ዘሎ አንድ እቅፍ ሣር ማንሳት ለማንም አያቅትም።» ራኬቶቹን ከሚስማራቸው አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። «እነዚህ ከምድጃው በላይ ነው ተሰቅለው ያደሩት። የበኃይሉን እዩት፤ አመድ ለብሷል፣ ሙቀቱ ሙጫውን አቅልጦት ጎማው ከእንጨቱ ተላቋል። ለእንግዳ የሚቀመጠው ራኬትም እንደዚያው። የጽናትም፤ በኃይሉ ለቅዳሜ ብሎ አዲስ ጎማ ለጥፎላት ነበር፣ እሱም ተልጧል። አራተኛው ግን አመድ የለበትም። ጎማውም እንደተለጠፈ ነው። የማን ነው?»

ሁሉም ወደ አብነት ዞሩ።

«ከሰሉ ሲነድ ይህ ራኬት እዚህ ቤት አልነበረም። ቀሲስ ራኬት ከማማሰያ አይለዩም፤ ሙቀት ምን እንደሚያደርገው አያውቁም። ጽናት ብትሆን የራሷን ታተርፍ ነበር። አብነት፣ ምድጃውን ስታስገባ ዓይንህ ግድግዳው ላይ አረፈ። ተጫዋች ነህ፤ ራኬትህን እሳት ላይ ትተህ ልትወጣ አልሆነልህም። ይዘኸው ወጣህ፤ ጠዋት ደግሞ ጽናትን ለሳጅኑ ጠቆምክ።»

«ማታ ወደ ቤት… ወስጄው ነበር» አለ አብነት።

«ከሚስማሩ ወርዶ አያውቅም አልከኝ። ደግሞስ እሺ፣ ወሰድከው እንበል። ጠዋት ብቻህን በሩን ከፈትክ። ጓደኛውን ሞቶ አግኝቶ፣ ጩኸቱን ከማቅለጡ በፊት ራኬቱን ሚስማር ላይ የሚሰቅል ሰው አለ?»

አብነት ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ።

«የዚህን ቤት ጭቃ የረገጥኩት እኔ ነኝ» አለ። «መጀመሪያ የምትሄደው አንተ ነህ ይለኝ ነበር፤ በየዓመቱ። ትናንት ማኅበር ላይ ‹ለምን አብነትን አልወሰድክም?› ሲሉት፣ ‹አብነትማ ወሬዬን ያዳምጥ እንጂ ለክለብ አይሆንም፤ ድሮም አይሆንም ነበር› አለ። ድሮም። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።»

«ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አሉ ቀሲስ መርስዔ ኃዘን። ለየትኛው እንዳሉት አልታወቀም፤ ለሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

ጽናት ወደ አብነት ጠጋ አለች። «ጋሼ፣ እኔስ? እኔን ስትጠቁማቸው ምን ብለህ ነበር?»

ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «ወጣት ነሽ፤ ብትታሰሪም ትወጫለሽ ብዬ ነው።»

ሳጅን ምንይሉ በካቴና ይዞት ወጣ። ጥሩሸዋ የእስር ቤት ጣጣውን በስልክ ጨርሳ ለልጅቷ «ነፃ ነሽ» አለቻት። ልጅቷ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ያኔ ቀሲስ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ልጄ፣ ነገ ወንድሜን እንቀብራለን። ዓርብ ጠዋት መኪና ተራ ጠብቂኝ፤ አዲስ አበባ እኔ እወስድሻለሁ።»

«ሐዘን ላይ ሆነው አባ? ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል። ወንድሜ ቃል ገብቶልሻል፤ ያኮረፍኩት ይበቃኛል። ክለቡ ግን ወዴት ነው? መንገዱን ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም አባ» አለች ጽናት። «እሱን የሚያውቁት ጋሽ በኃይሉና…» ሌላውን ስም ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም። ፊቷን በጋቢዋ ሸፍና፣ ከታሰረች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።