የክሪኩ ዘይት

«ከዳገቱም ከቁልቁለቱም ጠብቃት» አሉ ሸህ አብዱልወሀብ።

«አሚን» አለ ግቢው በሙሉ።

ሀናን ብቻ አላለችም። እጆቿን እንደ ሰው ሁሉ ዘርግታለች፣ ከንፈሯም ተንቀሳቅሷል፤ ድምፅ ግን እምቢ አላት። ሸሁ ዱዓ ሲያደርጉ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ በዚያው ባለፈ ነበር። እሳቸው ግን ፈጣሪን እየለመኑም ሰው ያያሉ። አሚን ማለት የረሳ ልጅ እንደማያመልጣቸው በሸዋበር ሰፈር የታወቀ ነው።

«አንድ አፍ ዝም ብሏል» አሉ እጃቸውን ሳያጥፉ። «አሚኑ የጎደለ ዱዓ ሳይዘጋ ያደረ በር ማለት ነው።»

ሰው እየሳቀ ጎን ለጎን ተያየ። የሀናን ታላቅ ወንድም አሚር ስልኩን ቶሎ ብሎ ኪሱ ከተተ፤ ሁሉም ጥፋተኛው እሱ መሰላቸው። ሀናን አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። በአራት ቀን ውስጥ ዝም ማለት ለምዶባታል።

ዱዓው ለፔጆዋ ነው። ከኋላ ሦስተኛ ረድፍ መቀመጫ ያላት ስቴሽን ዋገን ናት፤ በዕድሜ ከሀናን አባት ከሚስባህ ብትበልጥ እንጂ አታንስም። አባቷ በወጣትነቱ ከደሴ ሐርቡ ሰው ያመላልስባት ነበር። ሞተሯ ነክሶ ከቆመች በኋላ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ግቢው ጥግ ተቀምጣ የዶሮ ቤት ሆና ኖራለች። ከክረምቱ ወዲህ አባቷ ከእንጨት ቤት ሥራው ሲመለስ ልብሱን ቀይሮ ከሥሯ መግባት ጀመረ። መጀመሪያ አሚር ያግዘው ነበር፤ አሚር «አቦ፣ ይቺ ሼባ አትነሳም» ብሎ ሲተዋት ቁልፍ ማቀበሉን ሀናን ተረከበች። ቀጥሎ ብሎን መፍታት ለመደች። ከዚያማ አባቷ ራሱ «ሀኑ፣ እስኪ አንቺ እይው» ማለት ጀመረ። እንደዚያ ሲላት ዘጠነኛ ክፍል መሆኗን ሁሉ ትረሳለች።

ዛሬ እሑድ ኮምቦልቻ ላይ የትንሿ አክስቷ የራቢያ ሰርግ ነው። ራቢያ እዚያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። አባቷ እህቱን በራሱ መኪና ወርዶ ሊድር ከተሳለ ሰባት ወሩ ነው። ስምንት ሰው በፔጆዋ ተጭኖ በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁል ሊወርድ ነው።

ሸሁ እጃቸውን ፊታቸው ላይ ሲያሳርፉ አባቷ ተነሳና የመኪናዋን ኮፈን መታ መታ አደረገ። «ቀለሙን እኔ ነኝ የቀባሁት፤ ፍሬኑን ግን ሙሉ በሙሉ የጨረሰችው ሀናን ናት» አለ። ድምፁ ውስጥ ያለውን ኩራት ላለመስማት ጆሮዋን ብትይዝ ደስ ባላት።

አጎቷ ጁነይድ ሳቀ። «እንግዲያውስ ነፍሳችን በዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጅ ናት በሉኛ» አለ። ጁነይድ የአባቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሴት ልጅ መኪና ሥር መተኛቷ ከመጀመሪያው አልጣመውም። ሰው አብሮት ሳቀ።

ጥፋቱ የደረሰው ሐሙስ ነው። የዚያን ዕለት ከፍሬኑ ውስጥ አየሩን አስወጥተው ጨርሰው ነበር። አባቷ ለዐስር ሶላት ሲወጣ የቀረው ሥራ ዘይቱን እስከ ምልክቱ መሙላት ብቻ ስለሆነ ለሷ ተወላት። አባቷ ፈሳሽ ነገር ሁሉ በሃይላንድ ነው የሚያስቀምጠው። መስኮቱ ሥር ቤንዚኑም፣ ናፍጣውም፣ የባትሪው ውሃም በየሃይላንዱ ተደርድሮ ይቆማል፤ የትኛው ምን እንደሆነ የሚታወቀው አንገቱ ላይ በታሰረው ክር ነው። ባለቀይ ክሩ የፍሬን ዘይት ነው። ባለጥቁሩ ደግሞ መኪናዋን ከመሬት ለሚያነሱበት ክሪክ የሚሆን ዘይት ነው።

ሀናን አባቷ ሳይመለስ ጨርሳ ልትጠብቀው ፈለገች። ጁነይድ በዚያው ጠዋት «ልጅቷ አንድ ቀን ታቃጥልሃለች» ሲለው ሰምታለች፤ በእልህ እጇ ፈጠነ። ባለቀይ ክሩ ሃይላንድ አዳለጣትና ከፊት ጎማው በላይ ባለው አዲስ በተቀባ ፓራፋንጎ ላይ ሙሉ በሙሉ ተደፋ። በጨርቅ ጠረገችው። ዘይቱ ጠፋ፣ ቀለሙ ግን እዚያው ዓይኗ እያየ ተኮማተረና መዳፍ በሚያህል ቦታ ተላጠ።

ያኔ አልቅሳ ብትናገር ኖሮ ያኔ ባለቀ። ፈራች። የክሪኩን ሃይላንድ ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፤ መልኩ አንድ ነው። ዘይት አይደለም እንዴ አለች በልቧ። እስከ ምልክቱ ሞላችና የተረፈውን ባለቀይ ክሩ ሃይላንድ ውስጥ ገለበጠችው። የተላጠው ቦታ ላይ ደግሞ ከአሚር መሳቢያ ያገኘችውን «ማሻአላህ» የሚል ስቲከር ለጠፈችበት።

አባቷ ከመስጂድ ሲመለስ ስቲከሩን አይቶ ቆመ። ግንባሯን ሳማት። ልጅቷ ለመኪናዋ ከፍቅሯ የተነሳ የለጠፈችው መስሎት ለመጣ ለሄደው ሁሉ ያሳይ ጀመር። በማግስቱ ፔጆዋን እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነድቷት ተመለሰ። ፍሬኑ ይይዛል፣ ፔዳሉም ጠንካራ ነው። ሀናን አላህ ሸፈነልኝ ብላ ዓርብ ማታ ደህና እንቅልፍ ተኛች።

ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤታቸው ጋሽ ወንድምአገኘሁ ክሪካቸውን ሊወስዱ መጡ። አርባ ዓመት መካኒክ ሆነው የሠሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባለጥቁር ክሩን ሃይላንድ ባዶውን ሲያገኙት ዘይቱ የት እንደገባ ጠየቁ። አባቷ ልጆች ደፍተውት ይሆናል አለ።

«ብቻ ፍሬኑ ውስጥ አይግባ እንጂ» አሉ እየቀለዱ።

«ሀናን እያለች?» አለ አባቷ፤ እሱም ሳቀ።

ጋሽ ወንድምአገኘሁ ወሬ ከጀመሩ አያቆሙም። ድሮ ሐርቡ ላይ ስለቆመ አንድ የጭነት መኪና አወሩለት። ሹፌሩ ቸኩሎ የማይሆን ዘይት ፍሬኑ ውስጥ ጨምሮ ነበር። «ወዲያው ቢበላሽማ ጥሩ ነበር» አሉ። «አይበላሽም። ዘይቱን የሚይዘው የውስጡ ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ ቀስ እያለ ነው የሚያብጠው። ሜዳ ላይ ምንም አታውቅም። ቁልቁለት ስትጀምርና ፍሬኑ ሲግል ነው እግርህ ወለል የሚነካው።» ከዚያ ክሪኩን አንስተው ሲወጡ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ፤ ለሹፌሩ መሆኑ ነው።

ሀናን ከዚያ በኋላ የአሚርን ስልክ ለምና ኢንተርኔት ላይ ፈለገች። ሰውየው ተሳስተው ቢሆን ምንኛ በወደደች። አልተሳሳቱም። እራት ላይ ሦስት ጊዜ «አባ» ብላ ጠራችው፤ ሦስቱንም ጊዜ «ወዬ» ሲላት ስለ ሰርጉ ሌላ ነገር ጠየቀችው።

አሁን ዱዓው አልቆ ዕቃ እየተጫነ ነው። አባቷ መኪናዋ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ምንጣፉን ከፖርቶመጋላው ጋር በገመድ ያስራል። ታናሽ ወንድሟ ጣሀ፣ የስድስት ዓመቱ፣ ማንም ሳይቀድመው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ገብቶ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ደፍጥጧል።

ሀናን እናቷን ከሪማን ጓዳ በር ላይ አገኘቻትና ሆዴን አሞኛል አለቻት። እውነትም አሟታል። እናቷ ትደነግጣለች፣ ጉዞው ይቀራል ብላ ነበር ያሰበችው። እናቷ ግን ግንባሯን ዳሰሰችና ትኩሳት አለመኖሩን አየች።

«አብሽሪ የኔ ልጅ። ይሄ መንገድ ጠመዝማዛ ነው፣ ያንገላታሻል። አንቺ እዚህ ከፀሐይነሽ ዘንድ ቆዪ፤ እኛ ማታ እንመለሳለን።»

ፀሐይነሽ የጋሽ ወንድምአገኘሁ ባለቤት ናት፤ ከአጥሩ ማዶ ናት። እናቷ ይህን ተናግራ ሻሿን እያስተካከለች ወደ መኪናዋ ሄደች። ሀናን በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ሁሉም ይሄዳሉ። እናቷ፣ ጣሀ፣ አሚር፣ አባቷ። እሷ ደግሞ እዚህ ተቀምጣ ስልክ ትጠብቃለች።

እንዴት ብላ እንደምትጀምር አታውቅም ነበር። «አባ» ብትል እንደ ትናንቱ ሌላ ነገር እንደምትጠይቀው ታውቃለች። ስለዚህ ምንም ሳትናገር ወደ ፓራፋንጎው ሄደች፤ ጥፍሯን «ማሻአላህ» ጠርዝ ሥር አስገባችና ሳበችው። ስቲከሩ የቀረውንም ቀለም ይዞ ተነሳ።

አባቷ ከላይ አያት። «ኧረ ለምን ታነሺዋለሽ?» አለና ወረደ። ከዚያ ከሥሩ ያለውን አየ። አጎንብሶ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ቀለም እንደዚያ የሚበላው ምን እንደሆነ ያውቃል።

«የፍሬን ዘይት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «መቼ ነው?»

«ሐሙስ። ተደፋብኝ። ሁሉም።»

«እና ምን ጨመርሽበት?»

«የክሪኩን» አለች።

አባቷ አልጮኸባትም። ቢጮኽ ይሻላት ነበር። ቀና ብሎ መጀመሪያ ጣሀን አየ፤ ጣሀ በመስታወቱ ውስጥ ምላሱን አወጣለት። ከዚያ የተቀዳደደውን ስቲከር ከእጇ ላይ አየ። «እኔኮ ለሰው ሁሉ ሳሳይ ነበር» አለ። የተናገረው ይህንኑ ብቻ ነው፤ ሀናን እስከ ዛሬ ከተቆጣት ቁጣ ሁሉ ይህ ከበዳት።

የመኪናዋን ቁልፍ ኪሱ ከተተና ወደ ሰዎቹ ዞሮ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ባትሪው እምቢ ብሏል። አሚር፣ ሂድ ሚኒባስ ኮንትራት ያዝልን።»

ጁነይድ ይህን ሲጠብቅ የኖረ ነው የሚመስለው። «አላልኩም?» አለ። «ሰባት ወር ሙሉ ከሥሯ ተኝተህ ለባትሪ ሳታስብ! በል ለዶሮዎቹ መልስላቸው።» ሰዎቹ ሳቁ፤ አባቷም ፈገግ አለ። መዋሸት የማይሆንለት ሰው ነው፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነው ፈገግ ያለው።

ነገሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ሰኞ ሁለቱ ብቻ ሆነው ይጠግኑታል፣ ማንም አይሰማም። አባቷ በሩን ከፍቶላታል፤ የሚጠበቅባት ዝም ማለት ብቻ ነው፣ እሱንም ለምዳዋለች። ሀናን የአባቷን ጀርባ አየች። ከእሱ ጀርባ ወጥታ መሐል ግቢው ላይ ቆመች።

«ባትሪው አይደለም፣ አጎቴ» አለች። ቅድም እምቢ ያላት ድምፅ አሁን ወጣ። ከሐሙስ ጀምራ ነገረቻቸው፤ ስቲከሩንም አልዘለለችም።

ስትጨርስ እናቷ ወደ መኪናዋ ሄዳ ጣሀን ጎትታ አወጣችው፤ ተመልሳ የሀናንን ክንድ ያዘችና ዓይኗ እንባ እስኪሞላ ቆነጠጠቻት፤ ቆንጥጣም አልለቀቀቻትም። ጁነይድ አፉን ከፈተ። «እንግዲህ ከዛሬ ወዲያ ይቺ ልጅ መኪና…» ብሎ ጀመረ።

«ስንት ቀኑ ነው?» አሉ ሊሸኟቸው መጥተው ከሰዎቹ ጋር ቆመው የነበሩት ጋሽ ወንድምአገኘሁ ቃሉን አቋርጠው፤ ሀናንን ነው የጠየቁት።

«ሦስት… አራተኛው ነው፣ ጋሼ።»

«ጎሚኒው አብጧል በይው። አራቱም ጎማ ይፈታል፣ ሁሉም ይታጠባል፣ ጎሚኒው በሙሉ ይቀየራል። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ቱታሽን ለብሰሽ ጠብቂኝ። እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ እንጂ እጄን አላስነካም።» ከዚያ ወደ ጁነይድ ዞሩ። «ድሮ ሐርቡ ላይ እንዲህ ያደረገ አንድ ሹፌር ነበር፤ እሱ ግን አልተናገረም» አሉ። ጁነይድ ምንጣፉን ከፖርቶመጋላው ሊፈታ ሄደ።

አባቷ መስኮቱ ሥር ሄዶ ባለቀይ ክሩን ሃይላንድ አነሳ፣ ክሩን ፈታ፣ ዘይቱን ማንም እንዳይነካው ከነሃይላንዱ የመኪናዋን ቆሻሻ በሚያጠራቅሙበት በርሜል ውስጥ አስቀመጠው። ሲመለስ «ለአዲሱ ዘይት» ብሎ ክሩን ሀናን መዳፍ ላይ ጣል አደረገላትና አልፎ ሄደ። ፊቱን አላየችውም። ይቅር ብሏት ይሁን አይሁን አላወቀችም፤ ክሩን ግን ጭብጥ አድርጋ ያዘችው።

ሚኒባሱ መጥቶ ደጅ ላይ ክላክስ አደረገ። ሰዉ ምንጣፉንና ጓዙን ተሸክሞ ሲወጣ ሸህ አብዱልወሀብ ከመቀመጫቸው ተነስተው በትራቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆሙ።

«የቅድሙ ዱዓ አልተዘጋም» አሉ። ሀናንን ግን አላዩዋትም። «ኑ እንዝጋውና ሂዱ።»

ሁሉም ባለበት ቆሞ እጁን ዘረጋ። ሀናንም ጣቶቿን ከፈተች። መዳፏ ላይ ላብ ያራሰው ቀይ ክር ተቀምጧል።

«ከዳገቱም ከቁልቁለቱም ጠብቃቸው» አሉ ሸሁ።

«አሚን» አለች ሀናን።