ነፋስ በጀርባው

«በዚህ ወንዝ የውሃ ውሻ የለም» ይላል ታንኳ ቀዛፊው። ለመጣው ሁሉ ይላል። ድሮ አልቀዋል፣ ቆዳቸው ተገፎ ተሽጧል፣ ካሜራሽን ይዘሽ ቤትሽ ግቢ። መርፌን ይህን ሳይላት የዋለበት ቀን የለም።

መርፌ የሚስጥር ስሟ ነው። ለመንደሩ ግን ዓሣ በል፣ ጢማም የወንዝ አውሬ ፎቶ ለማንሳት ጭቃ ላይ የምትንከባለል ወፈፌ ናት። የቀዛፊው ወሬ አላማራትም። «ሊያባርረኝ ይፈልጋል፤ ተጠንቀቁት» ብላ ለአለቆቿ አስተላልፋለች።

አሁን ሸምበቆ ውስጥ በደረቷ ተኝታለች። ፊት ለፊቷ ከውሃው ብቅ ያሉ ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች። ሦስቱም ላይ የዓሣ ቅርፊት የሞላበት የአውሬ ኩስ፤ ከአንዱ ሥር የካሜራ ካርድ። ከማዶ ካለው ፋብሪካ አንድ መሐንዲስ ያስቀመጠው ነው። በመጋዘን የተደረደረው የመርዝ ጋዝ ቦምብ ፎቶ አለበት። ካርዱ ዛሬ ካልወጣ ቦምቡ ነገ ይጫናል።

የትኛው ድንጋይ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ባልደረባዋ፣ በሚስጥር ስሙ ጓንት፣ ከእሷ ከፍ ብሎ ደረቅ ቦታ መርጦ ተቀምጧል። ታችኛው ወንዝ ላይ ሁለት ወር ሙሉ የውሃ ውሻ ስጠብቅ ነበር ብሏታል። ሽቶው እስከ እሷ ድረስ ይመጣል።

ሽቶው።

ነፋሱ ከጀርባው ነው። ጠረኑን ጠራርጎ ውሃው ላይ ይደፋዋል። ይህን አውሬ አንድ ሳምንት የጠበቀ ሰው እንኳ እንዲህ አይቀመጥም።

ሁለት ወሩን ሌላ ቦታ ነው ያሳለፈው።

«እህትዬ፣ አንሺውና እንሂድ እንጂ» አላት።

«አንተው አንሳው። እኔ ኩስ አልነካም፣ የጨዋ ልጅ ነኝ።»

«የቱ ጋ ነው?»

በጣቷ የሩቁን ድንጋይ አሳየችው። ጓጉቶ ውሃው ውስጥ ገባ። እስከ ወገቡ ሲሰጥም የቅርቡን ድንጋይ በእጇ ጠረገች።

ካርዱ እጇ ገባ።

ፉጨት። ከዛፎቹ መሃል ሁለት የታጠቁ ሰዎች ብቅ አሉ። ጓንት የጠራቸው ነበሩ።

ሮጠች። ታንኳው ጋ ቀዛፊው ገመዱን ፈቶ ቆሟል።

«ግቢ።»

አመነታች።

«አንቺ ልጅ፣ እኔን አትመኚ፣ ታንኳውን እመኚ። ሁለት ከሆንን ይከብዳል።»

ገፍቶ ለቀቃት። መቅዘፊያውን እንደ ዱላ ይዞ ወደ ሰዎቹ ዞረ። ወንዙ ሲታጠፍ አንድ ተኩስ ሰማች።

አንድ ብቻ።

ካርዱ ደረሰ። ቦምቡ ሳይጫን ቀረ። እሷም ሌላ ከተማ፣ ሌላ ስም ይዛ የመታወቂያ ፎቶ ታነሳለች። «አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዘና» ስትል ትውላለች። ተነስቶ የወጣ ሰው ፊቷን አያስታውስም።

አንድ ቀን ደንበኛ ጠፍቶ የወንዙን ፎቶዎች ታገላብጥ ጀመር። ለማስመሰል ብቻ፣ ሳታይ ያነሳቻቸው ናቸው። አንዱን አጎላችው።

ከታንኳው ጥላ ሥር ቀዛፊው ተንበርክኳል። እጁ ላይ ትንሽ ዓሣ። ከፊቱ እርጥብ ጢሟን ያቆመች እናት የውሃ ውሻ፣ ከኋላዋ ሁለት ግልገሎች።