ሁለቱ ኦፓሎች

ሄዝል አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ይዛ ሦስተኛውን ቁራጭ እርሾ ዋጠች። በትምህርት ቤቱ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ከሁለቱ ጓደኛሞች በቀር ማንም አልነበረም።

«ጭቃ ጭቃ ይላል» አለች አፏን እየተጉመጠመጠች። «አንቺ ግን እንዴት ቻልሽው? ሁለት ወር ሙሉ!»

«ይለመዳል» አለች ኦፓል ወደ መስኮቱ እያየች።

ከገና ወዲህ የኦፓል ክራውስን ፊት የማያውቅ የቶሊዶ ከተማ ልጅ የለም። ጋጋሪዎች ሊጥ የሚያስነሡበት እርሾ ብጉር ያጠፋል የሚለው ማስታወቂያ በየመጽሔቱ ሲወጣ፣ ገጹ ላይ ሁለት ኦፓሎች ነበሩ። በግራ ያለችው ፊቷ በብጉር ተወርሮ አንገቷን ደፍታለች፤ በቀኝ ያለችው ፊቷ ጠርቶ ትስቃለች። ከሥር «ደሜ ቆሽሾ ስለነበር አብሮኝ የሚደንስ አልነበረም» የሚል ደብዳቤ ታትሟል።

ኦፓል በአሥራ አምስት ዓመት ዕድሜዋ አንድም ብጉር ወጥቶባት አያውቅም። በግራው ፎቶ ላይ ብጉሩን የሣለው አንድ ሰውዬ ነው፣ በቀጭን ብሩሽ። ደብዳቤው ተጽፎ ነው የመጣው፤ እናቷ ፈረመችበት። በሳምንቱ ደግሞ የመስታወት ፋብሪካው ከተዘጋ ጀምሮ ሁለት ዓመት ቤት የዋለው አባቷ የእርሾው ኩባንያ መኪና ሹፌር ሆነ። «እንግዲህ ቤተሰብ ሆነናል» አላቸው የማስታወቂያው ሰው፣ ሚስተር ፕሩይት። «ቤተሰብ ደግሞ ምስጢር ይጠብቃል።»

«የኔ ግን ጭራሽ ባሰበት» አለች ሄዝል መስታወቱ ውስጥ ጉንጯን እየነካካች። «ሆዴንም ያመኛል። ደሜ ከሥሩ የተበላሸ ነው መሰለኝ። እስከ ፋሲካ ካልለቀቀኝ ትምህርቱን እተዋለሁ፤ አክስቴ ልብስ ማጠቢያ ቤት ከጓሮ በኩል ሥራ አለ። እዚያ ማንም አያየኝም።»

«አብደሻል? የክርክር ቡድኑ ያላንቺ ምን ይሆናል?»

«ይኼን ፊት ይዤ መድረክ ላይ? ባክሽ ሙድ አትያዢብኝ።»

ማታ እራት ላይ የኦፓል እናት ፊቷ በርቶ ነበር። «ሚስተር ፕሩይት ቅዳሜ ይመጣል። ጓደኛሽን ሄዝልን ይፈልጋታል። ብጉሯ የእውነት ስለሆነ መሣል አያስፈልግም አለ።»

ኦፓል ሹካዋን አስቀመጠች። «ካልጠፋላትስ?»

«እሱን ብሩሹ ያጠፋዋል።»

«አባዬ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

አባቷ ድንቹን በቢላው ሲቆራርጥ ቆየ። «እኔ መኪና ነው የምነዳው፣ ልጄ። ሌላውን አትጠይቂኝ።»

በዚያ ሳምንት ኦፓል ሄዝልን ባየች ቁጥር ልትናገር አፏን ትከፍታለች፤ አባቷ ጠዋት ጠዋት እያፏጨ ጫማውን ሲያስር ትዝ ይላትና መልሳ ትዘጋዋለች።

ቅዳሜ ሄዝል ፀጉሯን ተጠቅልላ፣ የእህቷን ቀሚስ ለብሳ መጣች። ሚስተር ፕሩይት ሳሎን ውስጥ ካሜራውን ሲያቆም ሁለቱ ኦፓል ክፍል ገቡ።

«እኔን መረጡኝ እኮ!» አለች ሄዝል። «ከዚህ በኋላ ሳይጠፋልኝ አይቀርም አይደል?»

ኦፓል በሩን ዘጋች። «እኔ እርሾ በልቼ አላውቅም።»

«ምን?»

«አንድም ቀን። ብጉርም ኖሮኝ አያውቅም። ቀለም ነው፣ ሄዝል። ደብዳቤውንም እነሱ ናቸው የጻፉት። ደምሽ ምንም አልሆነም።»

ሄዝል አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ስውጠው ቆመሽ ታዪኝ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«ሲያስታውከኝ ፀጉሬን ይዘሽልኝ ነበር።»

ሄዝል ካፖርቷን አንሥታ በጓሮ በር ወጣች።

«ልጆች! ሰውየው እየጠበቀ ነው!» ተጣራች የኦፓል እናት።

ኦፓል ብቻዋን ሳሎን ገባች። «ሄዝል ሄዳለች። ነገርኳት።»

ሚስተር ፕሩይት አልተቆጣም። ካሜራውን ሣጥኑ ውስጥ መለሰና ባርኔጣውን አደረገ፤ ለእናቷ እጅ ነሥቶ ወጣ።

ሰኞ አባቷ በእግሩ ተመለሰ። የኩባንያውን ኮት አስረክቦ ስለነበር በሸሚዝ ብቻ ነው የመጣው። እናቷ ሳህን ስታቀርብ ኦፓልን ቀና ብላ አላየቻትም። አባቷ ግን ዳቦውን ቆርሶ ገሚሱን ወደ እሷ ገፋላት።

ሄዝል ትምህርቷን አልተወችም። ሐሙስ ክርክር ላይ ከነብጉሯ ቆማ ተናገረች፤ ኦፓልን ግን ሰላም አላለቻትም፤ በሚቀጥለውም ሳምንት እንደዚያው።

አንድ ቀን ኦፓል ከክፍል ስትወጣ፣ ግንባሯን በፀጉሯ የሸፈነች የሰባተኛ ክፍል ልጅ መጽሔት ታቅፋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«ይቅርታ… ይህች አንቺ ነሽ አይደል?» አለች ገጹን እየገለጠች።

ኮሪደሩ በተማሪ ተሞልቷል። ሁለት ልጆች ለመስማት ጠጋ አሉ፤ በስተጀርባቸው ሄዝል መጻሕፍቷን ይዛ ታልፍ ነበር።

ኦፓል ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«በቀኝ ያለችው እኔ ነኝ» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «በግራ ያለችዋን ግን አላውቃትም።»