ጋቢናው የማን ነው

ናዒማ ክፉውን አስቀድማ የምታስብ ልጅ ናት። ስልክ ካልተነሳ ሰው ሞቷል፤ ሰማይ ከጠቆረ ዋራበሌ ሰፈርን ጎርፍ ወስዶታል። ስለዚህ አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ ጎረቤቷ፣ ቲማቲም ሻጯ በለጡ፣ ወደ ልብስ መደቧ ጠጋ ብላ «አንቺ፣ ባሺርን አየሁት። ጋቢናው ውስጥ ሴት አለች» ስትላት የደነገጠች አልመሰለችም። እጇ ላይ የነበረውን ቀሚስ አጠፈችው፤ ፈታችው፤ እንደገና አጠፈችው።

«የትኛው መኪና ጋቢና?»

«ነጭ ነው፣ ትልቅ። የሱ ፒካፕ አይደለም።»

«እንግዲያው እሱ አይደለማ።»

«ቲማቲም እንጂ ዓይኔን አልሸጥኩም» አለች በለጡ። «ሴትየዋ መነጽር አድርጋለች። ወርቅም አድርጋለች። ሌላውን አላየሁም።»

የባሺር ፒካፕ ጋቢና የናዒማ ነበር። ማንም አልሰጣትም፤ ግን ሌላ ሰው ተቀምጦበት አያውቅም። ባሺር ቀን ቀን ከወደብ ዕቃ ያመላልሳል። ሲመሽ ካርትዬ ሁለት ሰፈር ገበያው ዳር ቆሞ ይጠብቃትና ሃያብለ ሰፈር ቤቷ ድረስ ያደርሳታል። መንገዱ አጭር ነው። እሱ ግን ሁልጊዜ ቀስ ብሎ ይነዳል።

የተዋወቁት ከሁለት ዓመት በፊት ሚኒባስ ውስጥ ነው። ያን ቀን ፒካፑ ጋራዥ ገብታ ነበር። የናዒማ እናት ሱሪያ ወድቃ ከተሰበረች ወዲህ ቀኝ ጉልበቷ አይታጠፍም፤ ስትቀመጥ እግሯ እንደ እንጨት ተዘርግቶ ከጎኗ ያለውን ሰው ቦታ ይይዛል። ረዳቱ «እግሩም ይከፍላል» ብሎ ሲያስቅባቸው፣ አንድ ቀጠን ያለ ወጣት ከወንበሩ ተነሳ።

«አቦ ተዋቸው። እግሩ እኔ ቦታ ይቀመጥ» አለ።

ጣራው ዝቅተኛ ነበርና አንገቱን ሰብሮ እስከ ሃያብለ ቆመ። ሲወርድ ወደ ሱሪያ እግር ጎንበስ ብሎ «በል ደህና ዋል» አለው። ሱሪያ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሳቀች። ናዒማ አልሳቀችም። አንገቱን ሲያሻሽ አየችውና ዓይኗን መንቀል አቃታት።

ባለፈው ክረምት ባሺር አፉን ሞልቶ አግቢኝ ብሎ ጠየቃት። እሷም ሐቁን ነገረችው። ኒካሁ የሚታሰረው ድሬዳዋ፣ የአባቷ ወንድም ፊት ነው። ድንበር የሚያሻግረው ባቡር ካቆመ ወዲህ እናቷ አገሯን አላየችም፤ አውቶቡስ ደግሞ ያን እግር አይችልም። ከናዒማ በታች ያሉት አምስት ልጆችም ለማን ይተዋሉ?

«ሰባት ነን፣ ባሺር» አለችው። «አንዳችንም ወደ ኋላ አንቀርም። እናቴን ፒካፕ ላይ እንደ ጆንያ ጭነህ ልትወስዳት ደግሞ አትችልም። ሰባታችንን በአንዴ ይዘኸን የምትሄድ ቀን፣ ያን ቀን እሺ ብያለሁ።»

ባሺር ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስቶት አያውቅም። ናዒማም ዝምታውን ስትተረጉም ከረመች፤ ትርጉሙ ደግሞ አንድም ቀን መልካም ሆኖ አያውቅም።

ረቡዕ ዕለት በለጡ እንደገና መጣች። «ዛሬ ሰማያዊ ነው። ሴትየዋ ያችው ናት።»

በዚያው ምሽት ናዒማ ፒካፑ ውስጥ ገብታ ስትቀመጥ ወንበሩ ወደ ኋላ ተገፍቶ አገኘችው። እግሯ ወለሉን በቅጡ አልነካም። ሽቶም ነበር፤ የማታውቀው፣ ውድ፣ የሰው አንገት የሚሸት ሽቶ። ወንበሩን ጎትታ ወደ ቦታው መለሰችው። ባሺር ጎማውን እያየ ነበርና አላስተዋለም።

መንገድ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ጀዋሪያ፣ ነገርኩሽ እኮ» አለ ባሺር። «አሮጌዋን ለሰው ሰጥቻታለሁ። አሁን ኔፍ ነው የምፈልገው። ኔፍ ካልሆነች ይቅርብኝ።»

በናዒማ መደብ ላይ ልብስ ሁለት ዓይነት ነው፤ ቦንዳና ኔፍ። ቦንዳ ሌላ ሰው ለብሶ የተወው ነው። ኔፍ ገና ከላስቲኩ ያልወጣ፣ ማንም ያልነካው። ፈረንሳይኛዋ ከመደቧ አያልፍም፤ ዋጋ እንኳ የምትቆጥረው በሶማልኛ ነው። «አሮጌዋን ለሰው ሰጥቻታለሁ» የሚለውን ቃል ከቦንዳው ጋር አስቀመጠችው።

«ማን ናት ጀዋሪያ?»

«የሥራ ሰው ናት።»

«የምን ሥራ?»

«አቦ ናዒማ፣ ሥራ ነዋ።» ሲል ጆሮው ቀላ። መዋሸት አይችልበትም። እሷ ግን ያየችው የጆሮውን መቅላት እንጂ ምክንያቱን አልነበረም።

ከዚያ ሦስት ቀን ጠፋ። በመጀመሪያው ቀን ተገልብጧል አለች። በሁለተኛው ቀን ምነው በተገለበጠ አለችና ወዲያው አስተግፊሩላህ ብላ አፏን ያዘች። በሦስተኛው ቀን በለጡ «ሴትየዋ ወደ አርሂባ በሚወስደው መንገድ ላይ ግቢ አላት አሉ። ሄደሽ አትገላገይም?» አለቻት። ናዒማ መደቧን ሸፍና ተነሳች።

ጊዜው ከተማው በሩን ዘግቶ ጫት የሚቅምበት ሰዓት ነበር። ሙቀቱ ከአስፋልቱ ተነስቶ ፊቷን ገረፋት። በመንገድ ላይ የምትናገረውን ሁሉ አዘጋጀች፤ ግቢው ስትደርስ አንዱም አልቀረላት።

ከቆርቆሮ ዳስ ሥር ረጅም ነጭ መኪና ቆሟል። ጋቢናው ውስጥ ባለ መነጽሯ ሴት ጫማዋን አውልቃ ተደላድላለች። ባሺር መካከለኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ እግሩን እንደ በትር ገትሮ ዘርግቷል። ሜትር ይዟል።

«ባሺር፣ ውረድ» አለች ናዒማ።

ባሺር ደንግጦ ሲነሳ ራሱን ከጣራው ጋር አጋጨው።

«አዲሷ እሷ ናት?»

«አዲስ እንኳ አይደለችም፣ ከዱባይ ነው የመጣችው። ግን ሞተሯ ገና ምንም አልሆነም…»

«ስለ ሰው ነው የምጠይቅህ።»

«ስለ የትኛው ሰው?»

«ኔፍ ነው የምፈልገው ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሮጌዋን ለሰው ሰጥቻታለሁ አልክ።» ድምጿ ተሰበረ። «እኔ ቦንዳ ነኝ፣ ባሺር?»

ባሺር የተጋጨ ራሱን አሻሸ። ጋቢናው ውስጥ ያለችው ጀዋሪያ ግን ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችና መነጽሯን አነሳች።

«እህቴ፣ ኔፍ ዘጠኝ ነው» አለች። «በፈረንሳይኛ አዲሱም ኔፍ፣ ዘጠኙም ኔፍ። ባለ ዘጠኝ ወንበር ነው የሚፈልገው። ለሰው የሰጣት አሮጌዋም ፒካፑ ናት፤ ሸጧታል። ሐሙስ ገዢው ተረከባት፤ ሦስት ቀን ያለ መኪና ነው። እኔ መኪና ሻጭ ነኝ።»

ናዒማ መኪናውን አየች። ከዚያ መሬቱን አየች።

«ባለ ሰባት አሳየሁት፣ አይሆንም አለ» ቀጠለች ጀዋሪያ። «ባለ ስምንት አሳየሁት፣ አይሆንም። በፒካፑም በየመኪናውም ከጎኑ ተቀምጬ አርሂባን ስዞር ሁለት ሳምንት ሆነኝ። አንድ ቀን ዞር ብሎ አላየኝም። የሚያየው ኋላ ኋላውን ነው፤ ወንበር ሲቆጥር።»

የመጨረሻውን ስትናገር አልሳቀችም። ናዒማ ያን ድምፅ አወቀችው። ራሷ ከሰኞ ጀምሮ ስትኖርበት የሰነበተችበት ድምፅ ነበር።

ግን ቅናት አንዴ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። ናዒማ በጣቶቿ ቆጠረች። እናቷ አንድ፣ አምስቱ ልጆች ስድስት፣ እሷ ሰባት፣ ባሺር ስምንት።

«ዘጠነኛው የማን ነው?» አለች ቀዝቀዝ ብላ።

ባሺር ሜትሩን ጠቀለለ። ጆሮው ቀላ።

«የእግሩ» አለ።

«የማን እግር?»

«የእማማ ሱሪያ እግር ነዋ። ሰባት ነን ስትይኝ እሱን ረስተሽው ነበር። ለካሁት፣ ሳይታጠፍ ይዘረጋል። እስከ ድሬዳዋ ማንም አይነካውም።»

ናዒማ ዓይኗን በሻሿ ጠረገች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሽ ባጣስ? ደግሞ አንቺ ገና ሳልገዛት ገደል ትከቻታለሽ።»

ጀዋሪያ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከጋቢናው ወረደች። በናዒማ ፊት ስታልፍ ቆም አለች።

«ቦታሽ ነው፣ ግቢ» አለች። «ወንበሩን ወደ ፊት ሳቢው ታዲያ። እግርሽ አጭር ነው።»

ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ ማለዳ ተነሱ። ናዒማ ጎማዎቹን በእጇ ነካካች፤ ፍሬኑን ሦስት ጊዜ አስረገጠችው፤ ከባድ መኪና ለመቅደም እንዳይሞክርም አስማለችው። ሱሪያ መካከለኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እግሯ ዘጠነኛው ወንበር ላይ፣ ከሥሩ ትራስ ተደርጎለት፣ እንደ ትልቅ እንግዳ ተንፈላሰሰ።

ናዒማ ጋቢና ገባች። ወንበሩን ወደ ፊት ሳበች። ሽቶው ግን ከጨርቁ ውስጥ አልወጣም ነበር። መስኮቱን እስከ ታች ከፈተችው።

አሊ ሳቢህን ሲያልፉ አቧራው እየተንከባለለ ገባ። አምስቱም ልጆች ከኋላ ጮኹ፤ እናቷ ሳለች።

«ናዒማ፣ ዝጊው እንጂ» አለ ባሺር። «ኤሲ አለን እኮ።»

«ሽታው አልወጣም።»

«የምን ሽታ?»

ባሺር በመስተዋቱ ወደ ኋላ ሊያይ አለና ተወው። ወደ እሷ ዞረ። አቧራ የለበሰ ቅንድቧን፣ የተቆለፈ ከንፈሯን አየ፤ ቆይቶ አየ።

«መንገዱን እይ፣ ልትገለን ነው» አለችው። ፈገግታዋን ግን መደበቅ አልቻለችም።

ድሬዳዋ ሲገቡ አጎቷ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ከመኪናው የወረደው ሰው ሁሉ ወፍጮ ቤት የዋለ ይመስል ነበር፤ ከሁሉም ይበልጥ ሙሽራይቱ። መስኮቱ አሁንም ክፍት ነበር።